ጀርባ የሌለው ቤት

ጋሽ ታዴዎስ አንድ ሕንፃ ሲያዩ መጀመሪያ የሚፈልጉት ጀርባውን ነው። ፊቱማ የእንግዳ ነው። መስታወት ነው፣ አበባ ነው፣ ፈገግ ብላ የምትቀበል ልጅ ናት። ችግር የሚገባው በጀርባ ነው፤ ቆሻሻ በሚጣልበት፣ ሲጋራ በሚጨስበት፣ አንድ ሰነፍ «አሁን እመለሳለሁ» ብሎ በጡብ ደግፎ ክፍት በሚተወው በር። ሜልቦርን መሃል ከተማ፣ በረጃጅሞቹ የቢሮ ፎቆች ሥር፣ በሴኩሪቲነት የኖሩት ዕድሜ ያስተማራቸው ይህንን ነው። ጡረታ ሲወጡ ዓይናቸው አብሯቸው ጡረታ አልወጣም። ሠርግ ተጠርተው አዳራሽ ሲገቡ እንኳ ከሙሽሮቹ በፊት የሚያዩት መውጫውን ነው።

በወጣትነታቸው ከደሴ ወጥተው፣ በሱዳን በኩል ዞረው እዚህ የደረሱ ሰው ናቸው። ኖርዝ ሜልቦርን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ የሺሃረግ ጋር ይኖራሉ። የሕንፃው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ከኋላቸው ተከትሎ ያለ ቁልፍ የሚገባ ሰው የለም፤ ዞር ብለው በትሕትና «ማንን ፈልገው ነው?» ይላሉ። አንድ ጊዜ የነፍስ አባታቸው ያለ ጥምጥም፣ በስፖርት ጃኬትና በኮፍያ ሆነው ቢመጡ ሳይለዩአቸው ቀርተው፣ ዝናብ ላይ አቁመው መታወቂያ ጠይቀዋቸዋል። እትዬ የሺሃረግ ይህንን ታሪክ እስካሁን ሲያወሩት ዕንባ እስኪያወጡ ይስቃሉ። ጋሽ ታዴዎስ ግን አይስቁም። «ቄስ በምን ይታወቃል?» ይላሉ። «ጥምጥም ከሌለ፣ መስቀሉ ኪስ ውስጥ ከሆነ፣ በምን?»

በዚህ ክረምት አንድ በር በእጃቸው ላይ ወደቀ። ከዚያ በፊት ከያዟቸው በሮች ሁሉ የከበደ ነበር፤ ሊከፍቱትም ሊዘጉትም አልቻሉም።

ልጃቸው አምለሰት ናት ያመጣችው። ፋርማሲስት ናት፤ ሜልቦርን ተወልዳ ሜልቦርን ያደገች፣ አማርኛ ሰምታ በእንግሊዝኛ የምትመልስ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥታ፣ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ፣

«አባዬ፣ እኔና ናቪድ ልንጋባ እንፈልጋለን» አለች፤ በአማርኛ። በአማርኛ መናገሯ ራሱ አስፈራቸው።

ናቪድን ያውቁታል። የኢራናውያን ልጅ ነው፤ ያደገው እዚሁ ነው፤ ሕፃናት የሚያስተምር ቀጭን መምህር ነው። እናቱ አለች፣ አባቱ ሞቷል። ሃይማኖቱ ባሃኢ መሆኑንም ሰምተዋል፤ ምን እንደሆነ ግን ጠይቀው አያውቁም። ጓደኛ እስከሆነ ድረስ ምን አገባቸው?

«እኔ ፈቅጃለሁ» አሉ እትዬ የሺሃረግ ወዲያው። «ሲበላ አይቼዋለሁ። እያፈረ ነው የሚበላው። እያፈረ የሚበላ ሰው አይከፋም።»

ጋሽ ታዴዎስ በልባቸው ለሚመጣው ጠብ እየተዘጋጁ ነበር። «እምቢ» ይላሉ፤ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ በር ደርግማ ትወጣለች፤ ትጋባለች፤ ከዓመት በኋላ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃቸዋል። በአገራቸው ሲሆን ያዩት ይህ ነው፤ ለዚህ ዝግጁ ነበሩ። አምለሰት ግን ያላሰቡትን ነገር አመጣች።

«በእነሱ ሕግ ሁለታችንም ተዋደን፣ ከዚያ ደግሞ ወላጆች በሙሉ መፍቀድ አለባቸው። የእሱ እናት፣ እማዬ፣ አንተ። ወላጁ የፈለገውን ሃይማኖት ይከተል፤ የሁሉም እሺታ ያስፈልጋል።»

«አንዱ እምቢ ካለስ?»

«ኖ ዌዲንግ።»

«ታዲያ ጠፍታችሁ ትጋባላችኋላ።»

«አንጠፋም፣ ዳድ። እንጠብቃለን።»

እንጠብቃለን! ከቃላት ሁሉ ይህችን ቃል አልጠበቋትም። ልጅቷ ሃይማኖትሽን ለውጪ አልተባለችም፤ እንዳለች ትኑር ተብሏል። ልጅ ከተወለደም አድጎ ራሱ ይመርጣል ተብሏል። ሁሉም ነገር ተፈቅዷል፤ የቀረው የእሳቸው አንድ ቃል ብቻ ነው። ጋሽ ታዴዎስ ያን ዕለት ማታ እራት አልበሉም። ተክሊል የለም ማለት ነው። ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀን ክርስትና የሚነሳ የልጅ ልጅ የለም ማለት ነው። «እምቢ» ቢሉስ? ልጃቸው ሳትጮህ፣ በር ሳትደረግም፣ በየእሑዱ እየመጣች ሰላም እያለቻቸው፣ ዓይናቸው ሥር ብቻዋን ታረጃለች። ከሁለቱ የትኛው የከፋ እንደሆነ ሊለዩ አልቻሉም። ክረምቱ በዚህ አለፈ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ የሚቆረቁር ነገር ነበር። የልጁ ወገኖች ሽማግሌ አልላኩም። ሰላምታ እንኳ የለም።

«ንቀውኛል» ይላሉ።

«ሽማግሌ ምን እንደሆነ የት ያውቁታል?» ይላሉ እትዬ የሺሃረግ።

«ልጅሽ አትነግራቸውም?»

«ልጅህም አታውቀውም። ማን ነገራት? አንተ በሥራ ነህ፣ እኔ በሥራ ነኝ፤ እሷ በሞግዚት ነው ያደገችው።»

ፉትስክሬይ፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ካፌ፣ ታክሲ የሚነዳው ጓደኛቸው ፋንታሁን ነገሩን ሰምቶ ወንበሩን አስጠጋ።

«እስቲ ስለ ቤተ ጸሎታቸው ንገረኝ። ስንት በር አለው?»

«ዘጠኝ ነው ትላለች አምለሰት። ሲድኒ ነው ያለው፤ በዚህ አገር አንድ እሱ ብቻ ነው።»

«ዘጠኝ! ቄሱ በየትኛው ይገባሉ?»

«ቄስ የላቸውም።»

«ሰባኪስ?»

«እዚያ ውስጥ አይሰበክም። የየሃይማኖቱ መጽሐፍ ይነበባል፣ ይጸለያል፤ በቃ። ክርስቲያኑም እስላሙም ምንም የሌለውም ይገባል። ማን ነህ የሚል የለም።»

ፋንታሁን ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ታዴ፣ እነዚህ ሰዎች አንተን እንጀራህን ሊያሳጡህ የተፈጠሩ ናቸው! ደግነቱ ጡረታ ወጥተሃል።» ካፌው ሳቀ። ፋንታሁን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፤ «ልብ በል ግን። ሁሉን ክፍት ያደረገ ሰው አንድ የደበቀው ነገር አያጣም።»

ይህች ቃል እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረች። ጋሽ ታዴዎስ በአልጋቸው ላይ ሲገላበጡ ያቺኑ ይነካሉ። በመጨረሻ አንድ ነገር ወሰኑ። ልጅ የሚሰጥ ሰው ቤት ያያል፤ ዘር ይጠይቃል። የኢራንን ዘር እሳቸው ከየት ይጠይቃሉ? ቤቱን ግን ማየት ይችላሉ። ስለ ቤት ደግሞ ማንም አያታልላቸውም።

«ሲድኒ እንሂድ» አሏት አምለሰትን በስልክ። «ቤቱን ልየው።»

«ካየኸው በኋላ ትመልስልኛለህ?»

«እመልስልሻለሁ።»

አንድ ቀን ሙሉ የፈጀ መንገድ ነበር። የነዳው ናቪድ ነው፤ ጋሽ ታዴዎስ ፊት ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ከኋላ። ናቪድ ለመንዳት ሳይሆን ለፈተና የተቀመጠ ይመስል ነበር፤ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከፍጥነት ገደቡ በታች። ቤንዚን ሊቀዳ ሲቆም መኪናውን ሳይቆልፍ ሊከፍል ገባ። ጋሽ ታዴዎስ ከውስጥ ቆለፉት። ተመልሶ ሲመጣ በሩን ቢስብ እምቢ አለው፤ በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። ከፈቱለት።

«ክፍት አትተው» አሉት በእንግሊዝኛ።

«እርስዎ አሉ ብዬ ነው» አለ ልጁ ቀላ ብሎ።

ከዚያ በኋላ እስከ ሲድኒ ድረስ ይህችን መልስ ሲያገላብጡ ሄዱ። ስንፍና ናት ወይስ እምነት? አልታወቃቸውም።

እሑድ ጠዋት ወደ ኮረብታው ወጡ። ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ፤ ቅርፊቱን እንደ አሮጌ ልብስ ያወለቀ፣ ግንዱ እንደ ሰው ክንድ የለሰለሰ። ከዚያ ዛፎቹ ገለል አሉ፤ ቤቱም ታየ። ነጭ ነው። እንደ ወተት ሳይሆን እንደ አጥንት የነጣ፤ ብዙ ዘመን ዝናብ ያጠበው። ጉልላቱ ሰማዩን አይወጋውም፤ ሰማዩ ራሱ ዝቅ ብሎ የተቀመጠበት ይመስላል። በጉልላቱ ጫፍ ላይ ደግሞ ትንሽ የብርሃን ማማ አለ፤ ቤቱ ተንፍሶ ትንፋሹ እዚያ ላይ የቀረ ያህል። በዛፎቹ ጫፍ በኩል በጣም ሩቅ፣ አንድ ሰማያዊ መስመር ይታያል። ባሕር ነው።

እትዬ የሺሃረግ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«የሴቶቹ በየት በኩል ነው?»

«በፈለጉት» አለ ናቪድ።

«በፈለጉት ማለት?»

«የሴት የወንድ የለም። ሁሉም መግቢያ ነው።»

«ጉድ ነው» አሉ፤ ጉዱ ደስ እንዳላቸው ወይም እንዳላላቸው ግን አልተለየም።

የናቪድ እናት ወይዘሮ መህሪ ቀድማ ሲድኒ እህቷ ዘንድ መጥታ ነበር፤ ደረጃው ላይ ትጠብቃቸዋለች። አጭር፣ ሽበቷን ያልቀባች፣ በእጇ የምትይዘው ያጣች የምትመስል ሴት ናት። ጋሽ ታዴዎስን በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው፤ ሌላ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው። አላመለጣቸውም። «ይኸው» አሉ በልባቸው፣ «አሁንም አትጠይቀኝም።»

«አንድ ጊዜ ልዙር» ብለው ተለዩ።

ዞሩ። ለሕንፃ ፍተሻ እንደሚዞሩት፣ ግድግዳውን በቀኝ ይዘው፣ ቀስ ብለው። የመጀመሪያው በር፤ ከሱ ቀጥሎ የተቀረጸ ግድግዳ፤ ከዚያ በር። አንዳንዱ ክፍት ነው፣ አንዳንዱ ተዘግቷል፤ የተዘጋው ግን ከተከፈተው አያንስም፣ የተከፈተውም አይበልጥም። አንዱ ሰፊ ሌላው ጠባብ፣ አንዱ ያማረ ሌላው የተጣለ አይደለም። ፊት ለፊቱ መንገድ፣ መንገዱ ዳር አበባ። የቆሻሻ ገንዳ የለም። የሲጋራ ቁራጭ የለም። ጡብ ተደግፎ የቆመ በር የለም። አሁን ጀርባው ይመጣል፣ ከዚያኛው ማዕዘን በኋላ ይመጣል እያሉ ሄደው ሄደው፣ ባለቤታቸው ከቆሙበት ደረጃ ደረሱ።

ጀርባ የሌለው ቤት በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። ዙሪያውን ፊት ነው። እንደዚህ ያለውን ቤት ሰው እንዴት ይጠብቀዋል? የት ላይ ይቆማል? አንዱ ጋ ቢቆም ስምንቱ ክፍት ናቸው። ሁሉ የሚገባበት ቤት፣ አሰቡ፣ ማንንም አይዝም፤ ሁሉም ይወጣበታል። ልጄ እዚህ ገብታ በየት በኩል እንደምትወጣ እኔ በምን አውቃለሁ?

እትዬ የሺሃረግ በሩ ሥር ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። በሩ ላይ የቆመች አስተናጋጅ እንደማያስፈልግ ነገረቻቸው፤ «የስ፣ የስ፣ ታንክ ዩ» ብለው አወለቁት። ጋሽ ታዴዎስም አወለቁ። የጸሎት ቤት በጫማ የሚገባ እግር ሁለቱም የላቸውም። ጫማዎቹን ግድግዳ ሥር ጎን ለጎን አስቀምጠው ገቡ።

ውስጡ ይበልጥ አስፈራቸው። ዓይናቸው ወዲያው መጋረጃውን ፈለገ። እሳቸው የሚያውቁት ቤተ ክርስቲያን ወደ ውስጥ በሄድክ ቁጥር የሚከብድ ነው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ከዚያ ቅድስት፣ ከዚያ ከመጋረጃው ወዲያ መቅደስ፣ ታቦቱ ያለበት፤ እዚያ ሁሉ ሰው አይደርስም። የማይደረስበት ስላለ ነው እኮ ሰው ውጭ ቆሞ የሚሰግደው። እዚህ ግን መጋረጃ የለም። ሥዕል የለም። ወንበሮች አሉ፣ አንባቢ የሚቆምበት አትሮንስ አለ፤ በላይ ደግሞ ጉልላቱ ብቻ፣ እንደ ተገለበጠ ጽዋ፣ ብርሃኑን በቀጭን በቀጭኑ እያንጠባጠበ። ፋንታሁን ተደብቋል ያለው ነገር የት ነው? ወለሉን አዩ። ጣሪያውን አዩ። የሚደበቅበት ጥግ ራሱ አልተሠራም።

ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ሊቀመጡ ወንበር መረጡ፤ ግን ከየትኛውም ወንበር ኋላ በር ነበር። ጫፉ ላይ ተቀመጡ። አምለሰት ከናቪድ አጠገብ፣ ሁለት ረድፍ ፊት ናት። ማጅራቷን ያያሉ። እየጸለየች ነው ወይስ እየጠበቀች?

አንድ ሰው ተነሥቶ አነበበ፤ ሌላዋ ተነሥታ በማያውቁት ቋንቋ አነበበች። ከዚያ ጥቂት ሰዎች ያለ ምንም መሣሪያ ማዜም ጀመሩ። ድምፁ ወደ ጉልላቱ ወጥቶ፣ እዚያ ዞሮ፣ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ ይመስል ተመልሶ ወረደ። ለአፍታ፣ ለአፍታ ብቻ፣ የጋሽ ታዴዎስ ትከሻ ላላ።

ያን ጊዜ ከኋላቸው ኮቴ ሰሙ።

ሰውዬው በግራ በኩል ካለው በር ነው የገባው። ወጣት ነው፤ ፀጉሩ እርጥብ፣ ቁምጣው በጭቃ የተበከለ፣ ጀርባው ላይ ከቁመቱ እኩል የሆነ ትልቅ ቦርሳ። ግራና ቀኙን አየ። ማንም አልተነሣም። አስተናጋጇ ፈገግ ብላ በእጇ ወንበር አሳየችው። ቦርሳውን ግን ማንም አላየም! አንድም ሰው ቦርሳውን አላየም! ሰውዬው በመተላለፊያው ወደ ፊት፣ ወደ አምለሰት ረድፍ ሄደ።

ጋሽ ታዴዎስ እንዴት እንደተነሡ አያውቁም። እግራቸው ነው የተነሣው። በካልሲ ድምፅ ሳያሰሙ ደረሱበትና እጃቸውን ክንዱ ላይ አሳረፉ።

«ይቅርታ፣ ጌታዬ። ቦርሳውን ይከፍቱልኛል?»

ያን የሥራ ድምፃቸውን ነበር የተጠቀሙት፤ ዝቅ ያለ፣ ጨዋ፣ የማያወላውል። ዜማው በዚያው ቅጽበት አልቆ ነበር። ቃላቸው ወደ ጉልላቱ ወጣ፤ እዚያም ዞሮ በሁሉም ሰው ላይ ወረደ፦ ይከፍቱልኛል... ይከፍቱልኛል...

ሰው ሁሉ ዞረ። ወጣቱ አልተቆጣም። የቤቱ ደንብ መስሎት ቦርሳውን መሬት አኑሮ ዚፑን ከፈተ። እርጥብ ፎጣ፣ የውኃ መያዣ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ፣ የድንኳን ሸራ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሱፍ የለበሱትን፣ በካልሲ የቆሙትን ሽማግሌ በአክብሮት ጠየቃቸው።

«መግባት እችላለሁ?»

ቤቱ በሙሉ የእሳቸውን ቃል ይጠብቃል። ወጣቱ ይጠብቃል። ሁለት ረድፍ ፊት፣ ፊቷን በእጆቿ የሸፈነች ልጃቸው አለች፤ እሷም ከክረምት ጀምሮ ስትጠብቅ ነበር። ዘጠኝ በር ባለው ቤት ውስጥ አሥረኛው በር እሳቸው ነበሩ፤ የተዘጋውም እሳቸው ብቻ።

«ግባ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ሹክሹክታ ሆኖ። ከዚያ ቅርብ በሆነው በር ወጥተው ሄዱ።

ውጭ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል። ድንጋዩ በካልሲያቸው ውስጥ ያቃጥላል። አለቀ፣ አሉ። አዋረድኳት። እምቢም እሺም ሳልል፣ ከሁለቱም የከፋውን አደረግሁ። ጫማቸውን ፈለጉ፤ ግድግዳው ሥር ምንም የለም። ለካ በሌላ በር ነው የወጡት። በየትኛው እንደገቡ ደግሞ አያስታውሱም፤ ሁሉም አንድ ነው።

«አቶ ታዴዎስ?»

መህሪ ተከትላቸው ወጥታለች። ሊያዩአት አልደፈሩም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እመቤት። ልማድ ነው። ቦርሳው ትልቅ ነበር፤ ልጆቹ ፊት ነበሩ...»

«ጫማዎ የት አለ?»

«ጠፋኝ» አሉ። «በሕይወቴ በር ጠፍቶብኝ አያውቅም።»

«እንፈልገው» አለች።

ጎን ለጎን መዞር ጀመሩ። እሷ በጫማ፣ እሳቸው በካልሲ። አንድ በር አለፉ፤ ጫማ የለም። መህሪ ድንገት መናገር ጀመረች፤ ፊት ለፊቷን እያየች።

«ልጅ ሆኜ፣ አገራችን፣ ለጸሎት በየሰው ቤት ነበር የምንሰበሰበው። መስኮቱ ተዘግቶ። አባቴ ሁልጊዜ በሩ ሥር ወንበር ያስቀምጥ ነበር። እኛ እንጸልያለን፤ የእሱ ጆሮ መንገዱ ላይ ነው። አንድም ጸሎት እስከ መጨረሻው ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ቀን መጡ። የመጡት ደግሞ በር የሚያንኳኩ ሰዎች አልነበሩም። አባቴን ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እኛም አገሩን ጥለን ወጣን። አሁን እርስዎ ከወንበርዎ ሲነሡ እሱን አየሁት። እዚህ ቤት በመጣሁ ቁጥር ስለ እሱ ነው የማስበው፤ እዚህ ቢሆን ኖሮ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ይሰማ ነበር እላለሁ።»

ጋሽ ታዴዎስ ቆሙ። ይህን ቤት የሠሩት የሚጠበቅ ነገር የሌላቸው ሰዎች መስለዋቸው ነበር። ለካ ጥበቃን ጠግበው ነው። ደሴ እያሉ በሌሊት የተንኳኳው የገዛ አባታቸው በር በጆሯቸው መጣ፤ ስለዚያ ግን ምንም አልተናገሩም። የተናገሩት ሌላ ነው፤ ከክረምት ጀምሮ ሲያንቃቸው የነበረው፤

«ሽማግሌ አልላካችሁም።»

አልገባትም። በእንግሊዝኛ እየተደናቀፉ አስረዱ፦ ልጅ የሚጠይቅ ወገን የተከበሩ ሽማግሌዎች ይልካል፤ ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው ይለምናሉ፤ ካልተፈቀደላቸው አይቀመጡም፤ የልጅቷ አባትም በዚያ ይከበራል። መህሪ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«አምላኬ! እኛ እኮ እርስዎን እንዳንጫን ብለን ነው! የወላጅ ፈቃድ በነጻነት ነው የሚሰጠው። አንድ ቃል ብናገር ያስገደድኩዎት መስሎኝ፣ ልደውልልዎ ስልኩን አንሥቼ ስንት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። ደረጃው ላይ እንኳ...»

«ዝም ስትሉ የናቃችሁኝ መሰለኝ።»

«ዝም ሲሉ የጠሉን መሰለኝ።»

ተያዩ። መህሪ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ፊታቸው ቆመች።

«አሁን ብጠይቅስ? ቆሜያለሁ።»

ጋሽ ታዴዎስ ወጉን ያውቃሉ። አባት በመጀመሪያው ቀን አይመልስም። «እንመካከርበት» ይላል፤ ቀጠሮ ይሰጣል። «ከሁለት ሳምንት በኋላ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያን ጊዜ ከማዕዘኑ ወዲያ የእትዬ የሺሃረግ ድምፅ መጣ።

«አንተ ሰውዬ! በአማች ፊት በካልሲ!» ጫማቸውን አድርገዋል፤ የባላቸውን በእጃቸው ይዘው መጥተው ጋሽ ታዴዎስ እግር ሥር ጣሉት። «በሩን ስትቆጥር ነው የጠፋህ። እኔ በሩን አላየሁም፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ዛፍ ነው ያየሁት።»

ከኋላቸው አምለሰት ነበረች። ዓይኗ ቀልቷል። ናቪድ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት።

«ዳድ» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለውም፤ ያ ነው ያስደነገጣቸው። «ወደ ቤት እንሂድ። እሺ? መመለስ የለብህም። ፈርተሃል፤ አይቻለሁ። ከእንግዲህ አልጠይቅህም። ከናቪድ ጋር ተነጋግረናል፤ እንተወዋለን።»

ስትተወው እንዲህ ነው የምትተወው፤ እያዘነችላቸው። የፈሩት ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቃለለላቸው፤ ዝም ካሉ በቃ፣ ማንም ምንም አይላቸውም። ተክሊሉም፣ ክርስትናውም፣ የፉትስክሬይ ሰው ወሬም። ዝም ማለት ብቻ።

«ፈቅጃለሁ» አሉ።

«ዋት?»

«ፈቅጃለሁ፣ አምለሰት። አግቢው።»

ልጅቷ ቀረበቻቸውና ዓይናቸውን መረመረች። «አር ዩ ሹር?»

«አይደለሁም» አሉ ጋሽ ታዴዎስ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። «ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። ነገም ከነገ ወዲያም እፈራለሁ። እርግጠኛ እስክሆን ብትጠብቂኝ ታረጃለሽ። ግን ፈቅጃለሁ።»

እትዬ የሺሃረግ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ ውስጥ ሰው እንደሚጸልይ ትዝ ቢላቸው በነጠላቸው አፈኑት። መህሪ ታለቅሳለች፤ ተቀመጪ የሚላት ስላጣች አሁንም እንደ ቆመች ነው። ናቪድ ሊጠጋ አንድ እግር አነሣና ተወው፤ መፍቀዳቸው ለእሱም ይሁን ለእሷ ብቻ አልገባውም ነበር።

«አንተም ና» አሉት ጋሽ ታዴዎስ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረው፣ ድንገት እንደ ተጨነቁ ሆነው ጣታቸውን ቀሰሩ። «ሽማግሌው ግን አይቀርም። ሜልቦርን ስንገባ ሦስት ሽማግሌ ይላክ። እኔም 'እንመካከርበት' እላለሁ፤ እንዳትደነግጡ። ሰው ምን ይለኛል?»